ጀበናና ሞተር ሳይክል

ሰሜን ወሎ፣ ግራና ላይ በጋ ሲሆን አቧራው የማይገባበት ቦታ የለም። ማደያ ሲርቅ ቤንዚኑን በጄሪካን ወይም በሃይላንድ ላስቲክ ይገዛሉ፤ አሸዋውና ጠብታ ውኃውም አብሮ ይገባል። ታዲያ ሞተርዎ ሳይታነቅ እንዴት ይውላል?

እስኪ ጀበናዎን ይመልከቱ። ቡናው ከፈላ በኋላ ሰከን እስኪል ያስቀምጡታል። አተላው ይዘቅጣል፤ እርስዎ ቀስ ብለው ከላይ ከላይ ይቀዳሉ። ያመለጠውን አፉ ላይ ያለው የፈረስ ጭራ ማጥለያ ይይዘዋል። የሞተርዎ ታንከርም የተሠራው በዚሁ ብልሃት ነው።

እንደ ቦክሰር ባሉት ሞተሮች ታንከሩ ሥር የቤንዚን መክፈቻ አለ። ከእሱ ላይ ወደ ታንከሩ ውስጥ የቆመች፣ ወንፊት የለበሰች ቀጭን ቱቦ አለች። መክፈቻው ክፍት ላይ ሲሆን ቤንዚኑ የሚገባው በቱቦዋ ጫፍ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ነው። ዝገቱ፣ አሸዋውና ውኃው እታች ተኝተው ይቀራሉ። ወደ ሪዘርቭ ሲያዞሩት ግን የሚከፈተው የታችኛው ቀዳዳ ነው፤ አተላው ያለበት። ሁልጊዜ በሪዘርቭ መንዳት ጀበናውን አንጠፍጥፎ እንደ መጠጣት ነው።

ይሞክሩት፤ በቤንዚን ግን አይሁን። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ፣ የምግብ ዘይትና አንድ ቁንጥር አፈር በጥብጠው ቡናው እስኪፈላ ይተዉት። አፈሩ ከታች፣ ውኃው በላዩ፣ ዘይቱ ከሁሉም በላይ ይሆናል። ቤንዚንም እንደ ዘይቱ ነው፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ሲመዝን፣ 1 ሊትር ቤንዚን ግን 750 ግራም ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለካርቡራተሩ ነው። ሚኒሞ የሚይዝባት ቀዳዳ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትደፍናታለች፤ ሞተሩም ቆም ሲሉ ይጠፋል። በሽቦ አይጎርጉሯት፣ ትሰፋለች፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ያለ ልክ ይበላል። በአየር ማስነፋት ይበቃል።

ስለዚህ የገዙት ጄሪካን ከከሰል ምድጃው ርቆ፣ ሳይነካ ይደር። ጠዋት ሳይንጡት በደቃቅ የሽቦ ወንፊት እያጠለሉ ይቅዱ፤ የመጨረሻዋን አንድ ስኒ ያህል ይተዉአት። ሽንኩርቱን የሚያጠጡበት የቤንዚን ፓምፕም ያው ካርቡራተር አለውና ለእሱም እንዲሁ ያድርጉለት።