የሞተር ጥላሸት

በደብረ ብርሃን መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በኮተቤ ገብቶ መገናኛ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቦሌ ሲሻገር መኪናው ብዙ ነው። አንዳንዱ መኪና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ሌላው ጉልበት አንሶት ይንቀጠቀጣል። ለምን ይሆን?

እስቲ ማጀታችንን እንመልከት። አየር ያላገኘ እሳት ይጨሳል፤ ጭሱም ድስቱንና ጣራውን ጥላሸት ያለብሳል። ሞተርም እንደ ምድጃ ነው። ነዳጁ በቂ አየር ካላገነ በደንብ አይቃጠልም፤ ጥላሸት ይተዋል። መካኒኮች ካርቦን ይሉታል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነማ ይብሳል።

አየር ወደ ሞተር የሚገባበት በር አለ፤ ቫልቭ ይባላል። በቀድሞው የቤንዚን መኪና ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር በዚህ በር ሲያልፍ በሩን ያጥበዋል። በብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ግን ቤንዚኑ በቀጥታ ማቃጠያው ክፍል ውስጥ ይረጫል። ይህ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በሩን ግን የሚያጥበው የለም። ስለዚህ የሞተሩ ዘይት እንፋሎት በሩ ላይ ይጋገራል። የአየሩም መግቢያ ይጠባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንድ ሰው ማጽጃ ገዝቶ ቤንዚኑ ውስጥ ይጨምራል። ማጽጃው የቤንዚኑን መርጫ ሊያጸዳ ይችላል፤ በሩ ጋ ግን አይደርስም። ባልገባበት ቤት ማን ይጠርጋል? ዋናው መፍትሔ ከፍቶ ማጽዳት ነው። መካኒኩ የአየር መግቢያውን ይፈታል። በሩ መዘጋቱን ያረጋግጣል፤ አለዚያ ፍርፋሪው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ይጎዳል። ከዚያ በማጽጃ ፈሳሽ አርጥቦ በብሩሽ ይፍቃል። በውጭ አገር የዋልነት ፍሬን ቅርፊት ፈጭተው በአየር ግፊት ይረጩበታል። ቅርፊቱ ጥላሸቱን ይልጣል እንጂ ብረቱን አይጎዳም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ያሉትን ተንከባክቦ መያዝ ይሻላል።

ነገሩ የከተማን ሰው ብቻ አይመለከትም። የወፍጮአችንና የመስኖ ፓምፓችን ሞተርም ነዳጅ ያቃጥላል። ጥቁር ጭስ ስናይ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እናጽዳ። ዘይቱንም በጊዜው እንቀይር። ጭሱ ነዳጃችንን ያባክናል፤ ሳንባችንንም ይጎዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!