ተጨማሪ መረጃ፦ መርከብ ላይ የሚንጣጣው ድንጋይ
በ2016 እ.ኤ.አ. አልቪን የተባለችው ሰርጓጅ ጀልባ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከለኛ የተራራ ሰንሰለት፣ 14 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አቅራቢያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚጠልቅ ወለል ባዛልት አወጣች። እንዲህ ያለው ድንጋይ መርከብ ላይ ሲደርስ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል! ድንጋዩ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የታመቀው ጋዝ፣ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውቅያኖሱ ጫና ሲነሣለት መስታወት መሰሉን የድንጋዩን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ድንጋዩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አያመልጥም። በቅልጥ ዓለት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ ከ300 ከባቢ አየር በሚበልጠው ጫና ሥር እዚያው እንዳለ ይቀራል፤ ቅልጡ ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካም በቅጽበት መስታወት ሆኖ ይዘጋበታል። ተመራማሪዎች ውሃን፣ ክሎሪንንና ድኝን የሚለኩት በዚህ ስስ ጥቁር የመስታወት ቅርፊት ላይ ነው። የመስታወቱ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲሰላ ቅልጡን ያስገኘው ማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው የዓለት ንብርብር) በአንድ ቶን ዓለት ከ100 እስከ 200 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓለቱ በዝቅተኛ ሙቀት መቅለጥ እንዲጀምር የሚያደርገው ይኸው ጥቂት ውሃ ነው። በሃዋይ ሥር ያለው ማንትል ደግሞ ከዚህም የበለጠ ውሃ አለው።