የዓባይን ድልድይ ያሠራው ገንዘብ ከወዴት መጣ?

ከሞጣ ተነሥቶ በቢቸና በኩል ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ይወርዳል። ከሸለቆው ሥር የሚሻገርበት 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራ ነው። ድልድዩን ሁላችንም እናደንቃለን። ይሁን እንጂ ጃፓን ለሰው አገር ድልድይ የምትሠራበትን ገንዘብ ከየት እንዳገኘችው መመርመር ለእኛ ለተማሪዎች ከአድናቆቱ ይልቅ ይጠቅመናል።

የተለመደው መልስ «በንግድ» የሚል ነው። ሐሰት ባይሆንም አይበቃም፤ ንግድማ እኛም ነበረን። በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና ዝባድ በአሞሌ ጨው የሚለወጥበት ታላቅ ገበያ ነበረ። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ሰው በገመድ እየተጎተተ ከመሻገር አልቦዘነም። ስለዚህ ልዩነቱ በመሸጥና ባለመሸጥ ሳይሆን፣ በተሸጠው ዕቃና በዋጋው በተገዛው ነገር ላይ ነው።

ጃፓን ከ1868 በኋላ ወደ ውጭ የምትልከው በተለይ ጥሬ ሐርና ሻይ ነበረ፤ እኛ ቡናና ቆዳ እንደምንልክ ማለት ነው። ዳሩ ግን በሐሩ ዋጋ የመፍተያ መኪና ገዛችበት። ቀድሞ የጥጥ ክር ከውጭ ታስመጣ የነበረችው አገር ከ1897 ጀምሮ ከምታስገባው ይልቅ የምትልከው በለጠ። በ1930ዎቹ መጀመሪያም የጃፓን አቡጀዲ የኢትዮጵያን ገበያ ያዘ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ጃፓንን ሊጎበኙ ሲሄዱ፣ የአገራቸው ሰው የጃፓንን ጨርቅ መልበስ ጀምሮ ነበር። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ለመጽሐፋቸው የሰጡት ርእስ ዛሬም ጥያቄያችን ነው።

ኮሪያ ደግሞ ይበልጥ ትቀርበናለች። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ፑሳን ሲደርስ ያገኘው በጦርነት የፈረሰ አገር ነው። በ1964 ኮሪያ ወደ ውጭ የላከችው ዕቃ 100 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ በ1977 10 ቢሊዮን ሆነ። መነሻዋ ልብስ፣ ኮምፔንሳቶና ዊግ ሲሆን ብረትና መርከብ የመጡት ኋላ ነው። መንግሥት ወደ ውጭ ለሚሸጠው ነጋዴ በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል፤ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂም ከ1965 ጀምሮ በየወሩ ስብሰባ እየተቀመጡ የሽያጩን ሁኔታ ይመረምሩ ነበር። በአገር ውስጥ ገበያ ሰነፍ ፋብሪካ በዘመድና በጉቦ ሊኖር ይችላል። የውጭ ገበያ ግን እንደ ማትሪክ ፈተና ነው፤ ወረቀቱን የሚያርመው የማያውቅህ ሰው ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው ግን ሌሊትና ቀን በሚሠሩ፣ ማኅበር እንዳያቋቁሙ በተከለከሉ ወጣት ሴቶች ጉልበት መሆኑን መሸፈን አይገባም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ገበሬውን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ በኮሪያና በታይዋን መሬት ለአራሹ ተሰጥቷል፤ የእኛ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1965 አደባባይ ሲወጡ እዚያ ነገሩ አልቆ ነበር። እህሉ የተረፈው ገበሬ ደግሞ የፋብሪካው የመጀመሪያ ደንበኛ ሆነ። በእኛ አገር መሬቱ በ1975 ከባለርስቱ ቢወሰድም፣ የጎጃም ገበሬ ሰብሉን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። ለመግዛት አቅም የሌለው ገበሬ ፋብሪካ አያስነሣም።

በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የእስያን መንገድ ለመከተል የታሰበ ነበር። ሆኖም ከጨርቁ ብዙው ከውጭ ይመጣል፤ ገዢውም በአመዛኙ አሜሪካ ነበረች። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ ስትወጣ ከቀረጥ ነጻ የሆነው በር ተዘጋ፤ የለቀቀም ኩባንያ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ አዳራሹን ወረስን እንጂ ፈተናውን ተፈትነን ያለፍንበት ትምህርት ገና ነው።

የቢቸና ጤፍም ድልድዩን የሚሻገረው ጥሬውን ነው። እንጀራ ሆኖ፣ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ወደ ውጭ የሚላከው ከአዲስ አበባ ነው፤ የመፍጫው፣ የመጋገሪያውና የማሸጊያው ሥራም እዚያው ይቀራል።