ያጠናነው ለምን ይጠፋናል? ስለ ሕዋሳት፥ ስለ ኅሊናና ስለ መማር

የፈተና ዋዜማ በተማሪዎች መኖሪያ ያደረ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም፤ ደብተሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ፥ አራት ጊዜ ይነበባል፤ ሲነጋም አንባቢው «አሁንስ ገብቶኛል» ብሎ በሙሉ ልብ ወደ ፈተናው ይሄዳል። ነገር ግን የጥያቄው ወረቀት በእጁ ሲገባ፥ ሌሊቱን ሲመላለስበት ያደረው ነገር ይሰወርበታል። ገጹ ትዝ ይለዋል፤ በገጹ ላይ ያሰመረው መሥመርም ትዝ ይለዋል፤ ቃሉ ግን አይመጣም። ይህ ነገር በእኛም ላይ ደጋግሞ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ፍርድ የታወቀ ነው። አንዱ «ሰነፍ ነው» ይባላል፤ ሌላው «አእምሮ የለውም» ይባላል፤ ተፈታኙም ስለ ራሱ የተነገረውን አምኖ ይቀመጣል።

በሥነ ልቡና መግቢያ ትምህርት ከሚሰጡት ርእሶች ሦስቱ፥ ይኸውም ስለ ሕዋሳት፥ ስለ ኅሊናና ስለ መማር የሚነገረው፥ ይህን ፍርድ እንደ ገና እንድንመረምረው አድርጎናል። በዚህ ጽሑፍ አዲስ ነገር አገኘን ለማለት አንደፍርም። አሳባችን ሊቃውንት በሙከራ የደረሱበትን በአጭሩ ገልጸን፥ ለተማሪና ለአስተማሪ የሚሰጠውን ጥቅም ማሳየት ብቻ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ሕዋሳት

ዓይን፥ ጆሮ፥ አፍንጫ፥ ምላስና ቆዳ ከውጭ የሚደርስባቸውን ብርሃን፥ ድምፅ፥ ሽታ፥ ጣዕምና ንክኪ ተቀብለው በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይልካሉ። ብዙ ሰው ሕዋሳት የውጭውን ዓለም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንደ መስተዋት የሚያሳዩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በላይፕሲክ ያስተምር የነበረው ኤርንስት ሃይንሪኽ ቬበር፥ ሰዎች ሁለት ክብደቶችን በእጃቸው እያነሡ የትኛው እንደሚበልጥ እንዲነግሩት ያደርግ ነበር። በዚህም ሰው የሚያስተውለው የተጨመረውን ክብደት ብቻውን ሳይሆን፥ ቀድሞ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ያለውን ልዩነት መሆኑን ተረዳ። በእጅ ለሚነሣ ክብደት ይህ ንጽጽር ከ40 አንድ ያህል ነው። ስለዚህ 200 ግራም የያዘ ሰው 5 ግራም ቢጨመርበት ልዩነቱን ለጥቂት ያውቀዋል፤ 4 ኪሎ የያዘ ሰው ግን ያው 5 ግራም ቢጨመርበት ምንም አይታወቀውም፤ ልዩነቱን እንዲያውቅ 100 ግራም ያህል ሊጨመርበት ያስፈልጋል። ጉስታፍ ፌኽነር የተባለው ሊቅ በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ አስፋፍቶ በሒሳብ ቀመር ገልጾታል። በእኛም ቤት ነገሩ የታወቀ ነው፤ በጨለማ ቤት አንዲት ጧፍ ስትበራ ቤቱ ሁሉ ይለወጣል፤ ያቺው ጧፍ በቀትር ፀሓይ ብትበራ ግን ልብ የሚላት የለም።

ከዚህም ሌላ ሕዋሳት የሚነቁት ለለውጥ ነው። ዕጣን ወደሚጤስበት ቤት የገባ እንግዳ ሽታው ወዲያው ያውደዋል፤ ጥቂት ከቈየ በኋላ ግን ጢሱ ሳይቀንስ ሽታው ይጠፋዋል። ጋቢ የለበሰ ሰውም ጋቢው ትከሻውን መንካቱ ቀኑን ሙሉ አይሰማውም። ይህ እንደ ጉድለት የሚቈጠር አይደለም፤ ሁሉ ነገር ሁልጊዜ እኩል ቢሰማን ኖሮ የሚያስፈልገንን ከማያስፈልገን ለመለየት ባልቻልን ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው፤ በፊታችን ያለ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም።

2ኛ፤ ስለ ኅሊና

ኅሊና ስንል በዚህ ስፍራ ክፉና ደጉን የሚፈርደውን የውስጥ ዳኛ ማለታችን አይደለም። ሰው ነቅቶ ሳለ «ይህን አያለሁ፤ ይህን አስባለሁ» ብሎ ራሱን የሚያውቅበትን ንቃት ማለታችን ነው።

ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲክ የሥነ ልቡና መመርመሪያ ክፍል ባቋቋመ ጊዜ፥ ዋናው ሥራው ይህን ንቃት መመርመር ነበር። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን ግን በ1913 ተነሥቶ፥ ኅሊና በዓይን የማይታይ ስለ ሆነ ሳይንስ ሊመረምረው አይገባም፤ መመርመር ያለበት የሚታየው ጠባይ ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ይህ አሳብ በተለይ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት በርትቶ ቈየ። ኋላ ግን ሊቃውንት ንቃትን በተዘዋዋሪ የሚመረምሩበት መንገድ ተገኘ።

ከእነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ በ1953 ያሳተመው ሙከራ ነው። ቼሪ በሰዎች ሁለት ጆሮዎች ሁለት ልዩ ልዩ ንግግሮችን በአንድ ጊዜ እያሰማ፥ በአንደኛው ጆሮ የሚሰሙትን ብቻ ቃል በቃል እየተከተሉ እንዲናገሩ አዘዛቸው። ሰዎቹ ይህን ደኅና አድርገው ፈጸሙት። በሌላው ጆሮ ምን እንደ ሰሙ ሲጠየቁ ግን የሚሉት አልነበራቸውም። የተናጋሪው ድምፅ ከወንድ ወደ ሴት መለወጡን አስተውለዋል፤ ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ ግን አላወቁም። በ1959 ኔቪል ሞሬይ ባሳተመው ተመሳሳይ ሙከራ፥ ባልተከታተሉት ጆሮ የገዛ ስማቸው ሲጠራ ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ሰምቶታል።

ዓይንም ከጆሮ የተሻለ አይደለም። በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ አሜሪካውያን ኳስ የሚቀባበሉ ተጫዋቾችን ፊልም ለሰዎች አሳይተው፥ ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደ ተቀባበሉ እንዲቈጥሩ አዘዙ። በመካከሉ የጎሬላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል አልፎ ሄደ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሬላውን አላዩትም። ዓይናቸው ተገልጦ ነበር፤ ልባቸው ግን በቍጥሩ ላይ ነበር።

አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ያ የፈተና ዋዜማ አንባቢ ዓይኑ በመሥመሩ ላይ ሲሮጥ አሳቡ ቤተሰቦቹ ዘንድ ደርሶ የተመለሰ እንደ ሆነ፥ ገጹን ገለጠው እንጂ አነበበው ለማለት አይቻልም።

3ኛ፤ ስለ መማር

መማር ማለት ከልምድ የተነሣ በዕውቀት ወይም በጠባይ ላይ የሚመጣ ጸንቶ የሚቈይ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ ሁልጊዜ በፈቃድ የሚመጣ አይደለም። የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፥ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት በመረመረው ነበር፤ ነገር ግን ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፥ ምግብ የሚያመጣውን ሰው ገና ሲያዩ ምራቃቸው መውረዱን አስተዋለ። ሜትሮኖም የተባለውን ጊዜ መቍጠሪያ እያሰማ ወዲያው ምግብ ቢሰጣቸው፥ ከብዙ ጊዜ በኋላ በድምፁ ብቻ ምራቃቸው ይወርድ ጀመር።

ፍርሃትም በዚሁ መንገድ ይለመዳል። ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በ1920 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ፥ ቀድሞ ያልፈራውን አይጥ እንዲፈራ ማድረጋቸውን ገልጸዋል። ይህ በሕፃን ላይ የተደረገ ሥራ ዛሬ ብርቱ ነቀፌታ የሚደርስበትና የማይፈቀድ ነው። ለእኛ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ልጅ መጽሐፍ በገለጠ ቍጥር አለንጋ የሚያርፍበት ከሆነ፥ የሚማረው ንባብን ነው ወይስ መጽሐፍን መፍራትን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ መርሳትን በቍጥር ለክቶ አሳየ። የተፈተነው እርሱ ራሱ ነበር። ትርጕም የሌላቸውን አጫጭር ክፍለ ቃላት እየደረደረ በቃሉ ያጠናል፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ድካሙ ምን ያህል እንደ ቀነሰለት ያሰላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀነሰለት 58 በመቶ ያህል ነበር፤ ከ1 ሰዓት በኋላ 44፥ ከ1 ቀን በኋላ 34፥ ከ6 ቀን በኋላ 25፥ ከ31 ቀን በኋላ 21 በመቶ ያህል ሆነ። ከዚህ እንደሚታየው መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል። ስለዚህ በማግስቱ ብዙውን መርሳት የሰነፍ ምልክት አይደለም፤ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው።

ኤቢንግሃውስ ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮችን አስተዋለ። አንደኛው፥ ትርጕም ያለውን የባይሮንን ግጥም ሲያጠና የሚፈጅበት ድካም ትርጕም ለሌለው ከሚያስፈልገው አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ 12 ክፍለ ቃላትን በአንድ ቀን 68 ጊዜ አከታትሎ ደግሞ የደረሰበትን ውጤት፥ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ሲያካፍለው በ38 ጊዜ ማግኘቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቍጥር አላገኘንም።

የዋዜማውን አንባቢ ምሥጢር ይበልጥ የሚገልጠው ግን በ2006 የታተመው የሄንሪ ሮዲገርና የጄፍሪ ካርፒኪ ሥራ ነው። እነዚህ አሜሪካውያን ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ክፍል ጽሑፉን በአራት ጊዜ አነበበው። ሌላው ክፍል በአንደኛው ጊዜ ብቻ አንብቦ፥ በቀሩት ሦስት ጊዜያት ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ያነበቡት በለጡ፤ እነርሱ 83 በመቶ፥ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሲያነቡ የቈዩት 40 በመቶ፥ ራሳቸውን ሲፈትኑ የቈዩት 61 በመቶ አስታወሱ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ከሳምንት በኋላ ደኅና አድርገን እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት አራት ጊዜ ያነበቡት መሆናቸው ነው።

«አሁንስ ገብቶኛል» የሚለው ስሜት ከዚህ የሚመጣ ነው። ደጋግመን ያነበብነው ገጽ መልኩ ለዓይናችን የታወቀ ይሆናል፤ እኛም መልኩን ማወቃችንን ነገሩን እንደ ማወቅ እንቈጥረዋለን። ሰውን በመንገድ አይቶ «አውቀዋለሁ» ማለትና ስሙን ጠርቶ ሰላምታ መስጠት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው።

4ኛ፤ የፊደል ገበታውና የእኛ ትምህርት ቤቶች

ከእኛ አንዳንዶቻችን ፊደል የቈጠርነው በየኔታ ዘንድ ሲሆን፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የጨረስነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለማነጻጸር እንችላለን። ዘመናዊ ትምህርት የተማረ ሰው የቀድሞውን ትምህርት ቤት «በጭፍን መደጋገም ነው» ብሎ ሲነቅፍ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነቀፌታው በከፊል እውነት ነው። ትርጕሙን ሳያውቅ ዳዊትን በግዕዝ የሚደግም ልጅ፥ ኤቢንግሃውስ እንዳሳየን ያለ ትርጕም የሚያጠና ሰው የሚደክመውን ድካም ይደክማል፤ ትርጓሜውን የሚያገኘው ብዙ ቈይቶ ነው፤ እዚያ የሚደርሰውም ጥቂቱ ነው። ስለ አለንጋው ከላይ ያልነው ይበቃል።

ሆኖም የፊደል ገበታውን ልብ ብለን እንመልከት። ሕፃኑ በመጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ይማራል። ጥቂት ቀን እንደ ሰነበተ ዜማው ከአፉ ይገባል፤ ስንደዶው በአንዱ ፊደል ላይ ቆሞ ሳለ አፉ ሦስት ፊደል አልፎ ይሄዳል፤ ዓይኑም ከገበታው ወጥቶ በደጅ የሚያልፈውን ያያል። ይህ ልጅ ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሉን ግን ገና አላወቀም። የኔታም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ከመካከል አንዱን ፊደል ድንገት አመልክተው «ይህ ማነው?» ይላሉ። ከዚያም ልጁ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። «አ ቡ ጊ ዳ» ሲባል ፊደሎቹ ያው የተማራቸው ናቸው፤ ተራቸው ግን ስለ ተለወጠ የቀድሞው ዜማ አያድነውም፤ እያንዳንዱን ፊደል አይቶ ከልቡ ማውጣት አለበት። ወደ መልእክተ ዮሐንስ የሚያልፈው ከዚህ በኋላ ነው። ቅኔ ቤት የደረሰ ተማሪ ደግሞ የሌላውን ቅኔ ቢሸመድድ አይበቃውም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ማቅረብ ይኖርበታል።

እንግዲህ በ2006 በቍጥር ከታየው ትምህርት አንዱ ክፍል በገበታችን ላይ ቀድሞ ነበረ። እኛ ግን ወደ ደብተርና ወደ ማስታወሻ ስንሻገር ዜማውን ይዘን አቡጊዳውን ተውነው። አስተማሪው ያስጻፈውን በተጻፈበት ተራ ደጋግመን እናነባለን፤ ተራውን ለውጦ የሚጠይቀን እስከ ፈተናው ቀን ድረስ የለም። በዚያን ቀንም የምንወድቀው ስለ መጀመሪያ ጊዜ ስለ ተጠየቅን ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር አጭር ነው። ስናነብ ልባችን ከዓይናችን ጋር መሆኑን እንመርምር። የምናጠናውን ትርጕሙን አስቀድመን እንፈልግ። በአንድ ሌሊት ሁሉን ከመጨረስ በብዙ ቀኖች እናካፍለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደብተሩን ዘግተን ያነበብነውን ለራሳችን ወይም ለባልንጀራችን እንናገር፤ የጐደለውን ካወቅን በኋላ እንግለጠው። ይህ አሠራር ደስ አያሰኝም፤ ምን ያህል እንደማናውቅ ወዲያው ያሳየናልና። ጥቅሙ ግን ከዚሁ ነው።

ለአስተማሪዎቻችንም በትሕትና የምናሳስበው አለ። በየሳምንቱ የሚሰጥ አጭር ጥያቄ፥ ነጥብ ባይያዝበትም እንኳ፥ ራሱ የማስተማሪያ መንገድ ነው። ተማሪው የተማረውን በረሳ ጊዜም «አእምሮ የለውም» ከማለት በፊት፥ ስንት ጊዜ አነበብህ ሳይሆን ስንት ጊዜ ተጠየቅህ ብሎ መመርመር ይገባል። «ሰነፍ» ተብለው ከትምህርት ቤት ከቀሩት የልጅነት ጓደኞቻችን መካከል፥ ከሀ ሁ በቀር አቡጊዳን ያላገኙ ምን ያህል ይሆኑ?