የውሻ ሆድ ሕመም፦ በቤት የሚረዳውና ለነገ የማይባለው

ውሻ በገጠር የበረት ዘብ፣ የበግና የፍየል ጠባቂ፣ ጅብና ቀበሮን አባራሪ ነው። በከተማም የግቢ አለኝታ ነው። ይህ ጠባቂ አስመልሶት ወይም ተቅማጥ ይዞት ከምግቡ ሲርቅ ግን ባለቤቱ ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። የወረዳና የቀበሌ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በአብዛኛው ቅድሚያ የሚሰጡት ለዳልጋ ከብት፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለጋማ ከብት ነው። የተሟላ የውሻ ሕክምና ለማግኘት ወደ ትልልቅ ከተሞች መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። የመጓጓዣው፣ የምርመራውና የመድኃኒቱ ወጪ ሲደመርም ውሻው ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በዚህ ምክንያት አንዳንዱ በቤት ያለውን የሰው ክኒን ይሰጣል፤ ሌላው ደግሞ “ራሱ ይድናል” ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም መንገዶች አደጋ አላቸው። እያንዳንዱ የሆድ ሕመም ሐኪም አያስፈልገውም፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ የውሻንም ሕይወት የባለቤትንም ገንዘብ የሚያድነው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው።

የሕመሙ መነሻዎች

በጣም የተለመደው መነሻ ምግብ ነው። የውሻ ሆድ ድንገተኛ ለውጥን አይወድም። ጾም በሚፈታበት ሰሞን ለወራት እንጀራና የምግብ ትርፍራፊ ሲበላ የቆየ ውሻ ስብ፣ አንጀትና አጥንት በአንድ ጊዜ ሲጣልለት ተቅማጥ ቢይዘው አያስገርምም። የበዛ ስብ የጣፊያ ጎረቤት የሆነውን ቆሽት ሊያስቆጣ ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀትን ይወጋል። በወጥ ውስጥ የሚገኙት ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም በብዛት ሲበሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ።

ሁለተኛው መነሻ የሆድ ትል ሲሆን በተለይ ቡችሎችን ያጠቃል። የተነፋ ሆድ፣ የከሳ ጎንና ያልተስተካከለ ፀጉር ምልክቶቹ ናቸው።

ሦስተኛው ፓርቮ በመባል የሚታወቀው የቫይረስ በሽታ ነው። ክትባት ያላገኙ ቡችሎችን ያጠቃል፤ ከባድ ትውከትና ደም የቀላቀለ፣ መጥፎ ጠረን ያለው ተቅማጥ ያስከትላል። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት የመቆየት አቅም ስላለው፣ ቡችላ በሞተበት ግቢ ክትባት ያላገኘ ሌላ ቡችላ ወዲያው ማምጣት አይመከርም።

አራተኛው መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ፣ የፀረ ተባይ ኬሚካልና መርዝ የነካው ሥጋ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

በቤት የሚደረግ እርዳታ

አንድ ጎልማሳ ውሻ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ አስመልሶት ወይም ለስላሳ ሰገራ ወጥቶት፣ ነገር ግን ንቁ ከሆነ፣ ውኃ ከጠጣና ሰገራው ላይ ደም ከሌለ ለአንድ ቀን በቤት ሊረዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ሥራ የሆድ ዕረፍት ነው። የሚያስመልሰው ጎልማሳ ውሻ እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ምግብ ሊከለከል ይችላል። ቡችላን፣ የከሳን ወይም ያረጀን ውሻ ግን ማስራብ አይገባም።

ሁለተኛው ሥራ ውኃን መተካት ነው። ውኃው በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ከሚቀርብ ይልቅ ጥቂት በጥቂት ቶሎ ቶሎ ቢሰጥ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ለሰው የሚዘጋጀው ኦ.አር.ኤስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ተበጥብጦ በጥቂቱ ቢቀርብ ይጠቅማል። ውሻው ካልፈለገ በግድ ማስጋት አይገባም፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

ሦስተኛው ሥራ ቀላል ምግብ ነው። ቅቤ፣ በርበሬና ሽንኩርት ያልገባበት የተቀቀለ ሩዝ ወይም ድንች፣ ከተቀቀለ እንቁላል ወይም አጥንትና ቆዳ ከሌለው የዶሮ ሥጋ ጋር በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ሰገራው ሲጠነክር በሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ወደ ተለመደው ምግብ ቀስ በቀስ መመለስ ይቻላል። ወተት ግን ተቅማጡን ሊያባብስ ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

መሰጠት የሌለባቸው

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አደገኛ ነው። ከሰው ሕክምና የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም ሕመሙን ሸፍኖ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው። ለከብት ወይም ለበግ የተገዛ አይቨርሜክቲንን በግምት ለውሻ መስጠት ደግሞ ነርቩን ሊመርዝ ይችላል። መርዝ በልቷል ተብሎ ጨው ወይም ዘይት በግድ ማጠጣትም ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ ወጪው ቢከብድም ወደ ባለሙያ መሄድ ግድ ነው፦

• ትውከቱ ወይም ተቅማጡ ከአንድ ቀን በላይ ከቀጠለ፣ ወይም የጠጣው ውኃ ሁሉ ከተመለሰ፤
• ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤
• ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፤
• ድዱ ከነጣ ወይም ከደረቀ፣ የትከሻው ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፤
• ከተንቀጠቀጠ ወይም መቆም ካቃተው፤
• በሽተኛው ቡችላ ከሆነና ከደከመ።

በመርዝ ሲጠረጠር የኬሚካሉን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው የመርዙን ዓይነት ሲያውቅ ነው።

አጥንት የተቀረቀረበት የሚመስለው ውሻ

ከሁሉ የከፋው ስሕተት እዚህ ላይ ይፈጸማል። ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጋው የወረደና ድምፁ የተለወጠ ውሻ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተቀረቀረበት ይመስላል። ባለቤቱም ሊያወጣለት እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። እነዚህ ምልክቶች ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶችም ናቸው። በሽታው ሁልጊዜ በመናከስና በመሮጥ አይገለጥም፤ አንዳንዴ ውሻውን ዝም አሰኝቶ ሽባ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ ውሻ ሲያጋጥም አፉን መክፈት አይገባም። ልጆችንና ሌሎች እንስሳትን አርቆ፣ ከተቻለ ሳይነኩ በር ዘግቶበት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ክትባቱ የሚያድነው ምልክት ከመታየቱ በፊት ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው።

ወጪን መቀነስ

ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰውና ምን እንደበላ መዝግቦ መሄድ ያልተፈለገ ምርመራን ያስቀራል። በንጹሕ ዕቃ የተያዘ ትኩስ ሰገራም የትል ምርመራን ያቀላል። ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሎ አገልግሎቱና መድኃኒቱ መኖራቸውን መጠየቅ ባዶ ጉዞን ይከላከላል። ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅና ከአቅም ጋር የሚሄደው ሕክምና የትኛው እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መመካከርም ነውር የለበትም።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን መከላከል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በወቅቱ መታደስ አለበት። የቡችላ የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደጋገማል። የትል መድኃኒትም በክብደት ተለክቶ በየጊዜው ይሰጣል።

በእርድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣል መቅረት አለበት። ቋጠሮው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ትሉ ውሻውን ብዙም ሳያሳምም በአንጀቱ ያድግና እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል። ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል፤ ከዓመታት በኋላም ቋጠሮው በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ አድጎ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ምንም ያህል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠብቀው ግን ውሻውንም፣ መንጋውንም፣ የቤቱን ልጆችም ነው።