የነጠላው ነጭና የልጁ ፊት

የክርስትና ፎቶ ከሰርግ ፎቶ ያነሰ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ለሰርግ ሁለት ሦስት ካሜራ ይያዛል፤ ለክርስትና ሲሆን ግን «ምን ያስፈልጋል፣ የአጎቱ ልጅ ጥሩ ስልክ አለው» ይባላል። እኔ ከሥራዬ ሁሉ የማከብረው ይህንኑ ነው። ሙሽሮች ፎቶው ቢበላሽባቸው ልብሱን ደግመው ለብሰው መናፈሻ ይወጣሉ። የ40 ቀን ሕፃን ግን ሁለተኛ አይጠመቅም።

ለማያውቀው ባጭሩ ልናገር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ጥምቀቱ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት ይፈጸማል፤ ሕፃኑ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ከዚያም ይቆርባል። ቀጥሎ ወደ ቤት ነው፤ ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ካህናቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ከማይገባበት አለመግባት፣ ትርፍ ባትሪና ሚሞሪ መያዝ ለባለሙያ የሚነገር አይደለም።

መነገር ያለበት ሌላ ነው። «ልጁ ጠቆር ስለሚል ፎቶ አይወጣለትም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እናት ትለዋለች፣ አክስት ትደግመዋለች፣ ይባስ ብሎ ፎቶ አንሺውም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ይህ አባባል ፍጹም ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ደግሞ የዚህ ሙያ ግማሽ ነው።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያነበው ከነገሮች ተመልሶ ወደ ሌንሱ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ነጭ ይሁን ጥቁር ለይቶ አያውቅም። ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል ከደረሰበት ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ይሠራል። ሣር፣ አስፋልት፣ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ ግምቱ ያዋጣል።

አሁን ወደ ክርስትና ቤቱ በር እንምጣ። ክርስትና እናቷ ነጭ ነጠላ አጣፍታለች። እናቲቱ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ካህኑ ነጭ ጠምጥመዋል። ሕፃኗ በነጭ ተጠቅልላ ጡጫ የምታህል ፊቷ ብቻ ብቅ ብላለች። የፎቶው አብዛኛው ክፍል ነጭ ጥጥ ነው፤ ነጭ ጥጥ ደግሞ የደረሰበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ፊቷም አብሮ ይጨልምና ዓይኗ ከቅንድቧ አይለይም። ከዚያ ጥፋቱ በልጅቷ መልክ ይላከካል።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ የምርቃት ፎቶ ያገላብጥ። ጥቁር ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች ተሰልፈው ሲነሡ መለኪያው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ጋዋኑ ግራጫ ይሆንና ፊቶቹ ይነጣሉ። ያው ልጅ በክርስትናው ከመጠን በላይ ጠቁሮ፣ በምርቃቱ ከመጠን በላይ ነጥቶ ይወጣል። ልጁ አልተለወጠም፤ ልብሱ ነው የተለወጠው። አዳዲሶቹ ካሜራዎችና ስልኮች ፊት ፈልገው ለመለካት ይሞክራሉ፤ ሕፃን ግማሽ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ አንገቱን ሲያዞር ግን ይስቱታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ብርሃኑን ከነጠላው ላይ ሳይሆን ከፊቱ ላይ መለካት ነው። ካልተቻለም አንድ ስቶፕ ያህል ጨምሮ ማንሣት። እኔ ማኑዋል ላይ አድርጌ ፊቱን ከለካሁ በኋላ፣ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ሰው ቢመላለስም አልነካውም። ብርሃን ሲጨመር ደግሞ የነጠላው ፈትል ይነጣና ጥበቡ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቤተሰቡን ከቀጥታ ፀሐይ አውጥቼ የበር ወይም የዛፍ ጥላ ውስጥ አቆማለሁ። እዚያ ፊቱም ጥበቡም አብረው ይታያሉ። የሸማኔው ድካምም እኮ መታየት አለበት።

«ጠቆር ያለ ፎቶ አይወጣለትም» የሚለው አባባል የቆየ ታሪክም አለው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፣ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስምም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ አምሮ ከታተመ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጠይሙም ጥቁሩም በእሷ ተለክቶ ይታተም ነበር። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች አብረው የወጡበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በአንጻሩ በጥቁርና ነጭ ዘመን በየስቱዲዮው የተነሡትን የአያቶቻችንን ፎቶዎች እዩ። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከነበረው ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ የስቱዲዮ ሰዎች የተቀመጠውን ሰው ፊት አይተው መብራት ያስተካክሉ ነበር። ጠይም ፊት አይወጣም ብሎ መብራቱን ያጠፋ አልነበረም።

ዛሬ የሚያናድደኝ ኤዲት ላይ ፊት ማንጣት ነው። አንዲት እናት የልጇን ፎቶ ልትመርጥ መጥታ «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቀላ አድርግልኝ» አለችኝ። አልተከራከርኩም። ሌላ ሰው በስልክ ያነሣውን ጨለማ ፎቶና በትክክል የተለካውን ጎን ለጎን ከፈትኩላት። በተለካው ላይ የልጅቷ ጠይምነት እንዳለ ነው፤ ግን የጉንጯ ሙላት፣ የግንባሯ ወዝ፣ ከአፍንጫዋ ሥር ያለችው ጥላ ሁሉ ይታያል። ዝም ብላ አየችና «ውይ! ቁርጥ እናቴን!» አለች። ያንን መልክ ማንጣት አያትየዋን ከልጅቷ ፊት ላይ መፋቅ ነበር። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ደንበኛ ጠየቀ ብላችሁ አታንጡ፤ መጀመሪያ ልካችሁ አንሡ።

ከፍ ስላሉት ልጆች ትንሽ ልበል። ልደት ላይ ከላይ ወደ ታች ማንሣት ነውር ነው፤ ጉልበት ወለል ላይ ይደረጋል። የሚሯሯጥ ልጅ ከ1/250 ሰከንድ በዘገየ ፍጥነት አይያዝም። ወላጆችም «ሳቅ በል! ወደ ካሜራው እይ!» እያላችሁ አትጩኹበት፤ ጩኸቱ የሚያመጣው የተገተረ ጥርስ ነው። ተዉት፣ ኬኩን ሲያይ በራሱ ይስቃል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ፍላሹን ወደ ጣሪያ የሚያነጥር ባለሙያ ጨርቁን ቀና ብሎ ይይ፤ ጣሪያው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ከሆነ ዘመድ ሁሉ ያንኑ ቀለም ተቀብቶ ይወጣል።

አያቶችንም አትርሱ። ጓዳ ናቸው፣ ወጡን እያዩ ነው፣ «እኔን ምን ታደርገኛለህ ልጄ» ይላሉ። አንድ ጊዜ አስቀምጧቸው፣ ሕፃኑን አሳቅፏቸው፣ ብቻቸውንም አንሷቸው። ለቅሶ ቤት የሚሰቀለው ፎቶ ከቡድን ፎቶ ተቆርጦ፣ ተስቦ፣ የሌላ ሰው ትከሻ ጥግ ላይ ቀርቶበት ስንት ጊዜ አይተናል።

ፎቶ አንሺ ስትመርጡ ምርጥ ምርጡን ብቻ የለጠፈበትን ገጽ አይታችሁ ቀብድ አትክፈሉ። የአንድ ሙሉ ክርስትና ፎቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያችሁ። ነጭ የለበሰች ጠይም እናት የታቀፈችውን ልጅ ፊት ፈልጉ። የልጁ ቅንድብ፣ የእናቲቱ ቆዳ፣ የነጠላው ጥለት ሦስቱም ከታዩ ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ዋጋውን ተነጋገሩ።