የመንዝ በግ ጸጉር፦ ከበጉ ጀርባ እስከ ገበያ

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው መንዝ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ብርዳማ ደጋ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ወይም ገብሱን ውርጭ ሲመታው ገበሬው በበጉ ይደገፋል። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስተኛ፣ ላቱ አጭርና ወፍራም ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ በጎች ጸጉራቸው አጭር ሲሆን፣ የመንዝ በግ ግን ለፈትል የሚሆን ሱፍ ከሚያበቅሉት ጥቂት ዝርያዎች አንዱ ነው። ባና፣ በርኖስና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ሥራዎች የሚሠሩት ከዚሁ ጸጉር ነው።

ለአርቢው ቤተሰብ ዋናው ገቢ በጉን ለሥጋ መሸጥ ሲሆን ጸጉሩ ሁለተኛ ገቢ ነው። ጥሬ ጸጉር ብዙ አያወጣም፤ ተፈትሎና ተሸምኖ ሲቀርብ ግን በውስጡ የፈታይዋና የሸማኔው ጉልበት ስላለ ዋጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል። የዚህ ሥራ ትርፍ ያለው በእጅ ሙያው ላይ ነው።

የጸጉሩ ጥራት የሚጀምረው ከበጉ ጤና ነው። በግ ሲራብ ወይም ሲታመም በዚያ ወቅት ያደገው የጸጉር ክፍል ይሳሳል፤ ሲፈተልም እዚያው ላይ ይበጠሳል። ቅማልና የቆዳ እከክ ያለበት በግ ግንብና ዛፍ ላይ ስለሚታከክ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ይቆሽሻል፤ ቆዳውም በፋብሪካ ዘንድ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ለመድኃኒት ርጭት የሚወጣው ገንዘብ ለሥጋውም፣ ለቆዳውም፣ ለጸጉሩም ይጠቅማል።

በግ የሚሸለተው ጸጉሩ ደርቆ ሳለ ነው። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ጸጉር ይሻግታል። ኅዳርና ታኅሣሥን በመሰሉ የውርጭ ወራት መሸለት ደግሞ እንስሳውን ለብርድ ያጋልጠዋል። መቀሱ ከቆዳው ጠጋ ብሎ በአንድ ጊዜ መቁረጥ አለበት፤ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ የሚረግፈው ቁርጥራጭ ክሩን ጉጥ በጉጥ ያደርገዋል። ከተሸለተ በኋላ የሆድ፣ የእግርና የላት ጸጉር ለብቻው ይወጣል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩም በየፊናው ይለያል፤ እነዚህ የተፈጥሮ ቀለሞች ያለ ማቅለሚያ መልካም ጥለት ይወጣቸዋል።

ቀጥሎ እጥበት ይመጣል። ጥሬ ጸጉር በቅባት፣ በላብና በአቧራ የተሞላ ስለሆነ ሲታጠብ ክብደቱ በእጅጉ ይቀንሳል። አጣቢዋ በሙቅ ውሃና በሳሙና ነክራ ታቆየዋለች እንጂ አታሸውም። ሱፍ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታሽ የጸጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይጠቀጠቃሉና። ይኸው ጠባይ ከሽመና በኋላ ጥቅም ላይ ይውላል፦ የተሸመነው ጨርቅ በሙቅ ውሃ ሲታሽና ሲረገጥ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ነፋስም አያሳልፍም።

የታጠበው ጸጉር በጥላ ከደረቀ በኋላ ተበጥሮ ወይም በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። በመንዝ ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚወስደው ፈትሉ ነው።

ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የጸጉሩ ውፍረት ነው። ከሜሪኖ በግ የሚገኘው ሱፍ 20 ማይክሮን ገደማ በመሆኑ ከገላ ጋር ይስማማል፤ ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነ ጸጉር ግን ቆዳ ይኮሰኩሳል። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ የሚስማማው ለብርድ ልብስ፣ ለምንጣፍና ለካባ ነው። ባናው ከልብስ በላይ የሚደረበው፣ በርኖሱም እንደ ካባ የሚለበሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ጸጉሩን ለማይሆነው ነገር ማዋል ደንበኛን ያሳዝናል፤ ለሚሆነው ነገር ሲውል ግን ጥንካሬው ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ብዙ ሠሪዎች የሚጎዱት በዋጋ አተማመን ነው። ቤት ውስጥ የተሠራ ፈትል ነፃ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለምሳሌ ለአንድ ብርድ ልብስ ፈትሉ 60 ሰዓት፣ ሽመናው 15 ሰዓት ቢፈጅና የሰዓቱ ዋጋ 40 ብር ቢባል፣ ጉልበቱ ብቻ 3,000 ብር ነው። ለጸጉር፣ ለሳሙናና ለመጓጓዣ 500 ብር ቢጨመር መነሻው 3,500 ብር ይሆናል። ከዚህ በታች የሚሸጥ ሰው የገዛ ጉልበቱን ከፍሎ እየሸጠ ነው። ይህን ለማወቅ የሥራ ሰዓትንና ወጪን በደብተር መመዝገብ ይበቃል።

በዋጋ ከፋብሪካ ጋር መፎካከር አያዋጣም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፤ የማሽን ሥራ ሁልጊዜም ፈጣንና ርካሽ ነው። የእጅ ሥራ ገዢ የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው፦ የተፈጥሮ ቀለም፣ በልክ የታዘዘ መጠን፣ የታወቀ ሠሪና የታወቀ አገር። በሳምንታዊ ገበያ የሚገዛው የደጋ ሰው ሙቀትና ጥንካሬ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ገዢ ደግሞ ለመልኩና ለታሪኩም ይከፍላል፤ ለሻንጣ የሚመች አነስ ያለ ምንጣፍ ወይም የትራስ ልብስ ይመርጣል። ለሁለቱም ሸቀጡ ንጹሕ፣ ጠርዙ የተሰፋ፣ መጠኑ ከተባለው ያልጎደለ መሆን አለበት። ከእቃው ጋር በቀዝቃዛ ውሃ እንዲታጠብና ብል እንዳይበላው ደርቆ እንዲቀመጥ የሚናገር ጽሑፍ ቢታከል የባናውም ዕድሜ፣ የሠሪውም ስም ይረዝማል።